የአጅሬ ውሻ

«ውሻ ታማኝ ናት» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ «ለማን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ሰው ጥያቄው አይገባውም። ታማኝነት እንዲሁ በደፈናው የሚመሰገን ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን ለማይረባ ሰው ታማኝ የሆነች ውሻ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ተጋድማ አይቻለሁ። በየማለዳው እሷን ተራምጄ ነበር ሥራ የምገባው። ስለዚህ ስለ ውሻ ፍቅር ማንም መጥቶ አያስተምረኝም።

ውሻዋ የአጅሬ ናት። አጅሬ የታናሽ እህቴ ባል ነው። ስም አለው፤ ግን ስም ለመጥራትም ሰው ያስፈልጋል። የቤት ደላላ ነበር። የሰው በር ማስከፈት ሥራው ስለሆነ የእህቴንም በር ያስከፈተው በዚያው ምላሱ ነው። ቁመናው ያምራል፣ አይካድም። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ ሥራ ሲመጣ ግን እሱ ራሱ አይታይም።

እኔና እህቴ ላውንደሪ አለን። ከፊት ልብስ የምንቀበልበት ባንኮኒ፣ ከሱ ኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹና መተኮሻ ጠረጴዛው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ እህቴ የምትኖርበት ክፍል ነው። እኔ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ጥቂት በር አልፎ ባለ ቤት ለብቻዬ እኖራለሁ። ወደ ሱቁም ወደ እህቴ ክፍልም የሚያስገባው አንድ የብረት በር ብቻ ነው። በዚያ በር የገባ ሰው ወደ ሱቁም ወደ እህቴም ሕይወት ገባ ማለት ነው።

ውሻዋን ሎሌ ብሎ ስም ያወጣላት አጅሬ ነው። ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ የገዛ ምኞቱን ነው የሚያወጣው። ቡችላ ሳለች በካርቶን ይዟት መጣና «የቤታችን ጠባቂ» ብሎ ባንኮኒው ላይ፣ ያውም ገና የታጠፈ አንሶላ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ቀን ወዲያ አንዴም አብልቷት አያውቅም። የምታበላት እህቴ፣ የምታጥባት እህቴ፣ ሆዷን ሲያማት እንደ ሕፃን አቅፋ ሐኪም ዘንድ የምትሮጠው እህቴ። እሱ ሲገባ በጫማው ጫፍ ጎኗን ገፋ ያደርጋትና ያፏጭላታል፣ በቃ። ውሻዋ ግን ለዚያች ፉጨት ትሞታለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ተረቱ። ተረቱን ያወጣው ሰው ሎሌን አላያትም። እሷ በእህቴ እጅ በልታ ለአጅሬ ነበር የምትጮኸው።

አንድ ቀን አጅሬ «አንዲት ሴትዮ ቤት ላሳይ» ብሎ ወጣ። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ ዞር እንዳለ ቀረ። በኋላ ስንሰማ ሴትዮዋ ቤቱንም እሱንም ወስዳቸዋለች።

እህቴ አላለቀሰችም። የከፋውም ይኸው ነው፤ ብታለቅስ ይወጣላት ነበር። እሷ ግን ውሻዋን ማየት ጀመረች። እሱ ይገባበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ ሎሌ ካለችበት ትነሳና በሩ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች። እህቴ ካውያዋን አስቀምጣ አጠገቧ ትቆማለች። መንገዱ የሌላውን ሰው ሁሉ ባል ወደየቤቱ እየመለሰ ያልፋል። ከዚያ ሎሌ ተመልሳ ትተኛለች፣ እህቴም ተመልሳ ትተኩሳለች። ሁለቱን ከኋላ ሳያቸው ደሜ ይፈላ ነበር።

«አንዷ አራት እግር ባይኖራት ማን ማን እንደሆነች አይለይም ነበር» አልኳት አንድ ቀን።

«ውሻ ሰው ታውቃለች፣ እትዬ» አለችኝ። «ክፉ ሰው ቢሆን እንዲህ ትወደው ነበር?»

«ውሻ እኮ የሞተ አይጥም ትወዳለች።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እህቴ በሌላ ነገር ሁሉ ብልህ ናት። የደንበኛን አነጋገር ሰምታ ብቻ ልብሱ ላይ የደበቀውን እድፍ ታገኛለች። በዚህ ነገር ግን ዳኛዋ ውሻ ሆነች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ሚስቱ የሞተችበት ጨዋ ሰው፣ ሸሚዙን በሰበብ በሰበብ እያቆሸሸ መመላለስ ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። ሎሌ ከበሩ ተነስታ መጥታ እግሩ ሥር ቆማ ጮኸችበት። ሰውየው ሲሄድ እህቴ «አየሽ፣ ሎሌ አልተቀበለችውም» አለችኝ። የጮኸችበት መድኃኒት መድኃኒት ስለሚሸት እንደሆነ፣ ውሻና መድኃኒት ከጥንትም እንደማይስማሙ ብነግራት ማን ይስማኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ለአንድ ሌባ ጭራዋን የቆላች፣ አንድ ጨዋ ሰው ያባረረች ውሻ በዚህ ቤት የሰው ሚዛን ሆና ተቀመጠች።

በሦስተኛው ዓመት አጅሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ሴትዮዋ አባራው ነበር፤ እሱ ግን ያንን አልተናገረም፤ የተናገረው ልብሱ ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ከቤት ሲወጣ ልብሱን መርጦ ይወጣል። አጅሬ የመጣው በፌስታል የክረምት ሹራብ፣ የዋና ቁምጣና አንድ እግር ካልሲ ይዞ ነው።

ከመንገድ ማዶ ሆኖ አፏጨ። ሎሌ በዚያን ጊዜ ጉልበቷ እየደከመ ስለነበር ስትነሳ ማቃሰት ጀምራ ነበር። ፉጨቱን ስትሰማ ግን ጉልበት ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ የተኮስኩትን የአልጋ ልብስ ቁልል ንዳ ወጣች። አለቀሰች። መሬት ላይ ተንከባለለች። ሽንቷን ለቀቀች። ጫማውን፣ እጁን፣ ፌስታሉን ላሰች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «እንዲህ ነው ፍቅር» ይላል። እኔ መጥረጊያ አነሳሁ፤ ለሽንቱ ይሁን ለሰውየው ገና አልወሰንኩም ነበር።

እህቴ ከውስጥ ወጣች። ሴት የጠፋ ባሏን ስታይ ወይ ትሰድባለች ወይ ታለቅሳለች። የኔዋ ኮሌታውን አየች። አንገቱ የሚነካበት ቦታ ጥቁር መስመር ይዟል፤ ክብር ያለው ሰው እንዲህ ያለ ኮሌታ ለብሶ ከቤት አይወጣም።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አለችው።

ይህ የእጥበት ሠራተኛ በሽታ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ዕድሜዋን የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት የማይለቅ እድፍ የለም ብላ ታምናለች። ለደም ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለቀለም አልኮል፣ ለዘይት የሳህን ሳሙና። ለጠፋ ባልም አንድ የሆነ ነገር ያለ መሰላት። ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ያችን አንድ እግር ካልሲ ሳይቀር አጠበችለት። የሌላ ሴት ቤት ጠረን በኛ ሳሙና ታጥቦ በኛ ቱቦ ወረደ። ሳይመሽ አጅሬ ተተኩሶ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

«የት እንደነበረ እንኳ አትጠይቂውም?» አልኳት።

«ሲረጋጋ ይነግረኛል።»

«እሱ ከዚህ በላይ ሊረጋጋ ኖሯል?»

ተረጋጋ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛው ግን በሚያውቁት አገር ነው ያስነጠፈው። ፀሐይ ግድግዳው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ይነሳል። ባንኮኒው አጠገብ ወንበር ይዞ እግሩን ይዘረጋል፣ ልብስ ለሚያመጡ ሴቶች ምን ዓይነት ቀለም እንደሚያምርባቸው ይነግራቸዋል። ሎሌ እግሩ ሥር ትጋደማለች። ጫማውን ስትልሰው «ሂጂ ወዲያ፣ ምራቅሽ» ብሎ ይገፋታል። ትሄዳለች፤ ትዞራለች፤ በሌላ በኩል መጥታ ትጋደማለች። ያችን ውሻ እንደዚያን ሰሞን ንቄያት አላውቅም። እህቴን ግን መናቅ አቃተኝ፤ በሷ ፈንታ ራሴን አመመኝ።

አንድ ቀን ነርሷ፣ የቆየች ደንበኛችን፣ ጋዋኗን ልትወስድ መጥታ ቆማ ነበር። እህቴ የጋዋኑን እጅጌ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፣ የአየር ሁኔታ እንደምትጠይቅ ሰው አድርጋ ጠየቀችው።

«ሦስት ዓመት የት ነበርክ?»

አጅሬ ሳቀ። በጫማው ጫፍ የሎሌን ጆሮ አከከላት።

«ይቺን ውሻ አያዩዋትም?» አለ ወደኔ እየጠቀሰ፤ ቀጥሎ ወደ እህቴ ዞረ። «ከመጣሁ አንድ ቃል ጠይቃኛለች? የት ነበርክ፣ ከማን ጋር ነበርክ ብላኛለች? መጣሁ፣ ደስ አላት፣ አበቃ። ከሷ ተማሪ።»

ነርሷ ወለሉን አየች። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። እህቴ ግን ቀደመችኝ። ካውያውን አቆመችው። ሶኬቱን ነቀለች። ጋዋኑን አጥፋ ለነርሷ ሰጠቻት።

«ውጣ» አለችው።

ቀልድ መሰለውና ጥርሱን አሳየ። ፊቷን ሲያይ ጥርሱን መለሰ። ተነሳ፣ ወጣ፤ ሎሌ ተከተለችው። ያበላቻትን ሴት ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ነርሷ ስትወጣ የእህቴን ክንድ ጨበጥ አድርጋ «ጎበዝ» አለቻት። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ እንደማየት ያለ ደስታ የለም።

ደስታዬ ዝናብ እስኪጥል ነበር። ልንዘጋጋ ስንል ዶፉ ወረደና በሩ ይቧጨር ጀመር። እህቴ ሮጣ ከፈተች። ሎሌ ውሃዋን እያራገፈች ገባች፤ ከኋላዋ አጅሬ ካርቶን ራሱ ላይ ደፍቶ።

«እኔ አልመጣም ነበር» አለ። «እሷ ናት ያመጣችኝ። እምቢ ልላት አልቻልኩም፤ ውሻ እኮ ናት፣ ምን ታውቃለች።»

እህቴ ቆማ ቀረች። እሱ አልጠበቃትም፤ ከቁልሉ ላይ የደንበኛ ፎጣ አንስቶ ፀጉሩን ማድረቅ ጀመረ። እሷ ያንን ፎጣ ተቀብላው እንደገና ልታጥብ ስትወስደው፣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሰደብኳቸው። በመጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እሷን፣ ከሁሉ አብልጬ ውሻዋን።

በማግስቱ ጠዋት አጅሬን ወንበሩ ላይ አገኘሁት። ለሰላምታው መልስ ስላልሰጠሁት ቅር ያለው መሰለ።

«እትዬ፣ ለምን ይናደዳሉ?» አለኝ። «ጤናዎን ይጎዳሉ። እኔ እንደሁ በዚህ ቤት ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም። አያስፈልገኝም። ሎሌ አለችልኛ።»

«ይህንን እህቴ ፊት ድገመው» አልኩት።

«ምን ያደርግላታል? ለውሻዋ አንጀቷ አይችልም፤ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።» ይህንን ሲል ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

በመጋረጃው በኩል፣ ላስቲክ ለብሰው ከተሰቀሉት ኮቶች መሀል፣ እህቴ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ወጣች። የሱን ልብስ በሙሉ ሰብስባ ማሽን ውስጥ ከተተች። ስታጥብ፣ ስታደርቅ፣ ስትተኩስ ዋለች። ሸሚዙን እንዲያ አድርጋ ስትተኩስ አይቼ አላውቅም። ኮሌታውን፣ ትከሻውን፣ የአዝራር ቀዳዳውን ዙሪያ ሳይቀር በካውያው ጫፍ ሄደችበት። በቃ፣ አለቀላት አልኩ። እየናቃት የምታጥብለት ሴት አግኝቶ ምን ያስወጣዋል? እሱም ከወንበሩ ሆኖ እያያት ያፏጫል፤ ሎሌ በየፉጨቱ ጭራዋን ወለል ላይ ትመታለች።

እህቴ ስትጨርስ ሁሉንም አጣጥፋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ልብስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ልብስህ አልቋል» አለችው። «ውሰድ። ከእንግዲህ አንቀበልህም።»

አጅሬ ጥቅሉን አየ፣ እሷን አየ። አልተቆጣም። ደላላ መጀመሪያ እምቢ ያለን ሰው አይቆጣም፤ ዞሮ እንደሚመጣ ያውቃል።

«እሺ የኔ እመቤት፣ ቁጣሽ እስኪበርድ ትንሽ አየር ልቀበል» አለ። ጥቅሉን አንስቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ አፏጨ።

እህቴ ያኔ ሮጠች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሎሌን አንገቷን አቀፈቻት። «ሎሌዬ፣ እዚሁ ነይ፣ እኔ ጋ ሁኚ» አለቻት። ውሻዋ መጀመሪያ ፊቷን ላሰቻት። ከዚያ ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። መፈራገጥ ጀመረች፤ ማላዘን ጀመረች፤ እህቴ አጥብቃ ስትይዛት ትንፋሽ አጥሯት አሳለች። እህቴ ያነቀቻት መስሏት ለቀቀቻት። ሎሌ በዚያ በታመመ ጉልበቷ እያነከሰች ወጣች። እህቴ በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ወረወረችው። በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት።

ብዙ አልቆየም። መቧጨሩ ጀመረ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አጅሬ ከመንገዱ ማዶ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ክዳን ሥር ተቀምጧል። ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጋራ ያጨሳል። ሎሌ በሩን ትቧጭራለች፣ ትጠብቃለች፣ መንገዱን አቋርጣ ወደሱ ትሮጣለች። እሱ በጣቱ በሩን ያሳያታል። ትመለሳለች። ትቧጭራለች። ሰውየው ለመለመን እንኳ ራሱ አይለምንም፤ ወኪል አለው። በሕይወቴ ብዙ የሚናቅ ሰው አይቻለሁ፤ የገዛ ጫማውን የምትልስለትን ውሻ የልመና እጅ ያደረገ ግን አላየሁም።

መቧጨሩ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ውሻ ስትጮህ ሰው ይለምደዋል፤ ስታለቅስ ግን ከሰው የምትለይበት ነገር የላትም። ሁለቱንም ወገን ነበር የምትፈልገው። እሱ ውጭ፣ እሷ ውስጥ፣ መሀል ላይ ብረት። ቂል። ሁላችንንም አንድ ላይ አድርጋ ልትጋደም ነው ልፋቷ ሁሉ። እኔ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በእግሬ የተራመድኳት፣ በአፌ ያልተውኳት፣ ወደ በሩ ሄድኩ። ሳላስበው እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።

የእህቴ እጅ በእጄ ላይ መጣ።

«ተይ፣ እትዬ።»

«ውሻዋን ብቻ ነው የማስገባት» አልኳት። «እሱን በመጥረጊያ ነው የምመልሰው፤ ምሎ ቢገዘት አይገባም።»

«እሷ ከገባች እሱን ብላ ታለቅሳለች። አንድ ቀን እችላለሁ። ሁለት ቀን እችላለሁ። በሦስተኛው ተነስቼ እከፍትለታለሁ።» ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። «እኔን አታውቂኝም?»

አውቃታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ራሷን እንድታውቅ ስጮህባት ኖሬ፣ ዛሬ ማወቋን መሸከም ያልቻልኩት እኔ ሆንኩ።

«ጉልበቷ ታሟል እኮ» አልኩ። «ማን ያበላታል? እሱ ውሃ እንኳ አያስቀምጥላትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጨክነሽ—»

«እትዬ፣ እጅሽን አንሺ።»

አነሳሁ። እህቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። መቧጨሩ በጀርባዋ በኩል፣ ልክ ወገቧ ሥር ነበር። ውሻዋ በጫረች ቁጥር የእህቴ ትከሻ ይነሳል። ማሽኑ ዙሩን ጨርሶ ቆመ፤ ማናችንም አልሄድንለትም። ውጭ አንድ ደንበኛ መጥቶ አንኳኳ፣ «የላችሁም?» ብሎ ተጣራ፣ ለውሻዋ የሆነ ነገር ብሏት ሄደ።

ከዚያ ማዶ ፉጨት ተሰማ። መቧጨሩ ቆመ። እዚያው ቆማ ወዲያና ወዲህ እያየች ይመስለኛል። ቀጥሎ ጥፍሯ አስፋልቱ ላይ ተሰማ፤ ሦስት እግር ረገጥ፣ አንድ እግር ጎተት። እየራቀ ሄደ።

«ሎሌ ሄደች» አለች እህቴ።

አብሯት ስለሄደው ሰው ምንም አላለችም። እንደቆመች ወደ ታች ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በቀትር በር ዘግተን ለውሻ አለቀስን። ለሱ ቢሆን ኖሮ አፍር ነበር።